ገጽ ስድስት ላይ ስለ መሞቴ

ለውድ እኅቴ፣ ለቤታችን ዳኛ፣ ለእኔም ዋስ፤

እታለም፣ ቆመሽ ከሆነ ተቀመጪ። ተቀምጠሽ ከሆነ ደግሞ የምትደገፊው ግድግዳ ፈልጊ። መርፌውንም ከአፍሽ አውጪው፤ ይህን ስትሰሚ እንዳትውጪው። የማረዳሽ ነገር ከባድ ነው፤ መርዶ ደግሞ በወጉ ካልተነገረ ነውር ነው። ታናሽ ወንድምሽ፣ ያ ምላሱ ከእግሩ የሚቀድመው፣ የዛሬ ዘጠኝ ቀን ሐሙስ ዕለት፣ በተወለደ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። የሰፈር አሉባልታ እንዳይመስልሽ። በጋዜጣ ታትሞ ወጥቷል፤ ፎቶግራፍም አለው።

በይ አሁን እሪታሽን ዋጥ አድርጊና የእጅ ጽሑፉን እዪው። እንዲህ ዶሮ የጫረው የሚመስል ጽሑፍ ከእኔ ሌላ ማን አለው? እኔው ነኝ። የሞተ ሰው ደብዳቤ አይጽፍም፤ ቢጽፍም መጀመሪያ ይቅርታ ነው የሚጠይቀው። ለእማዬ ስታነቢላት ግን ከሚቀጥለው አንቀጽ ጀምሪ። የላይኛውን እሷ ሳታይ ቅደጂውና ለጩጬው ጀልባ ሥሪበት።

እንደምን ከርመሽልኛል? ወገብሽስ እንዴት ነው? ከስፌት መኪናው ላይ በየመሀሉ ቀና ትያለሽ ወይስ እንደ ማጭድ ጎብጠሽ ነው የምትውይው? እማዬ ዓይኗን ተሻላት? አባባንስ ሳሉ ለቀቃቸው? ያ ሳላቸው እኮ ለእኔ ደወል ነበር፤ ከበር ሲሰማኝ ጥፋቴን ሰብስቤ እደብቅ ነበር። እዚህ የሚያስልልኝ ሰው ስለጠፋ ጥፋቴ ሁሉ ሜዳ ላይ ቀረ። ባልሽስ፣ ያ ዝምተኛ አማቻችን፣ ካለፈው ደብዳቤዬ ወዲህ አንድ ዓረፍተ ነገር ጨረሰ? ጩጬው የወለቀው ጥርሱ በቀለ ወይስ አሁንም ሲስቅ መስኮት የተሰበረበት ቤት ይመስላል? እኔ በጤናዬ በኩል ምንም አልልም። እበላለሁ፣ እተኛለሁ፣ እስቃለሁ። ብቻዬን ስስቅ ግን ድምፄ ክፍሉን ዞሮ ተመልሶ ስለሚመጣብኝ፣ አሁን አሁን ቀንሻለሁ።

ክፍሌን እስከ ዛሬ አልገለጽኩልሽም። ሦስተኛ ፎቅ ላይ ናት፤ መስኮቷን ስትከፍቺ የሚቀበልሽ የጎረቤት ሕንፃ ግድግዳ ነው። አልጋ፣ አንድ ወንበርና አንድ ማንቆርቆሪያ አሉኝ። ማንቆርቆሪያው ሲፈላ ያፏጫል፤ እኔም «መጣሁ ጌታዬ» እለዋለሁ። በቀደም እሑድ ከሰው ጋር ስንት ቃል እንደተነጋገርኩ ቆጠርኩት። አሥራ አንድ። አራቱ ለዳቦ ሻጩ ነው። የቀረው ደረጃ ላይ ጅራቷን የረገጥኳትን ድመት ይቅርታ የጠየቅኩበት ነው፤ እሷን ሰው ካልናት ማለቴ ነው። አንቺ «በቀን አሥር ሺህ ቃል ትዘራለህ፣ ለነገም አስቀምጥ» ትዪኝ አልነበር? ይኸው ብዙ አስቀመጥኩ፤ የሚቀበለኝ ነው የጠፋው።

ትምህርቱ ደኅና ነው። መምህራችን የዜና ነገር በስድስት ጥያቄ ያልቃል ይላሉ፤ ማን፣ ምን፣ የት፣ መቼ፣ ለምን፣ እንዴት። መጀመሪያ ቀን ይህን ሲጽፉልን ብቻዬን በሳቅ ፈነዳሁ። አባባ አምሽቼ ስገባ በር ላይ ይዘው የሚጠይቁኝ እኮ እነዚሁኑ ነበር! ሰውየው ሳይማሩ ጋዜጠኛ ናቸው ለካ። «ወሬ ማመላለስ ደግሞ ትምህርት ሆነ?» ብለው የተቆጡ ዕለት አንቺ «ወሬውንማ ያውቀዋል፤ እውነቱን እንዲማር ነው» ያልሽውን አልረሳሁም። የትምህርት ቤት ደወል ያለ ሰዓቱ ደውሎ ተማሪውን ሁሉ ቤቱ በመስደዱ ከዘጠነኛ ክፍል ለተባረረ ሰው ዋስ መሆን ቀላል አይደለም። ደግሞም አንዴ ነው የሚሆነው፤ ይህንንም አውቃለሁ።

እና ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሥልጠናውን ለመጨረስ ጋዜጣ ቤት ሦስት ወር መሥራት፣ ከዋና አዘጋጁም ማኅተም የተመታበት የምስክር ደብዳቤ ማምጣት ግድ ነው። ያ ደብዳቤ ከሌለ ምረቃ የለም፤ ምረቃ ከሌለ በብዕር ማደር የሚባለው ሕልሜ ቅዠት ሆኖ ይቀራል፤ እኔም ሻንጣዬን ይዤ አባባ ሳል ሥር እመለሳለሁ። ይህን ሁሉ እያወቅኩ ነው የሠራሁት። ለምን ብለሽ አትጠይቂኝ፤ እጄን ጠይቂው።

የተመደብኩበት ጋዜጣ በሳምንት አንዴ፣ ሐሙስ ሐሙስ ይወጣል። እኔ ሙስና ላጋልጥ፣ ባለሥልጣን ላስደነግጥ ተዘጋጅቼ ስሄድ የማስታወቂያ መስኮት ላይ አስቀመጡኝ። መታወቂያ የጠፋበት፣ ማኅተም የወደቀበት፣ ዘመድ የሞተበት ይመጣል፤ እኔ ጽፌ እቀበላለሁ፤ ገጽ ስድስት ላይ ይወጣል። ዋና አዘጋጁን ጋሽ ቁረጥ ነው የምለው፤ ምንም ነገር ብታሳዪው መነጽሩን ከግንባሩ ያወርድና «ቁረጥ» ይላል። ሰላምታ ስሰጠው እንኳ «እንደምን አደሩ ጋሼ» ካልኩት «ጋሼን ቁረጥ» የሚለኝ ይመስለኛል። ሌላው ሽማግሌው አራሚያችን ነው፤ ስሙን ጋሽ ሰረዝ አልኩት፤ አፍንጫው ወረቀቱን እስኪነካ አቀርቅሮ ፊደል ሲለቅም ይውላል። ገጹን የምታቀናብረው ደግሞ እቴ ማስመሪያ ናት፤ ቀጭን፣ ቀጥ ያለች፣ የማትስቅ። ሁለት ወር ሙሉ ላስቃት ሞክሬ አንድም ጥርሷን አላየሁም። ጥፋቱ የመጣው ከዚሁ ነው።

እቴ ማስመሪያ አንድ ልማድ አላት። ማስታወቂያ ሲዘገይ ቦታውን ባዶ አትተወውም፤ መጠኑ እንዲታወቅ ማንኛውንም ጽሑፍ ትሞላበታለች፣ እውነተኛው ሲመጣ ትቀይረዋለች። ብዙ ጊዜ «እዚህ ይገባል፣ እዚህ ይገባል» እያለች ነው የምትደረድረው። ያን ረቡዕ እኩለ ቀን ላይ አንዲት ደንበኛ የምስጋና ማስታወቂያዋን ሳታመጣ ስለቆየች፣ እቴ ማስመሪያ ዘወር ብላ «እስቲ አንተ ወሬኛ፣ የክብሪት ቀፎ የሚያህል ነገር ጻፍልኝ» አለችኝ። ሁለት ወር የጠበቅኩት ዕድል! ቁጭ አልኩና ሙሉ ስሜን ከነአያቴ ጽፌ እንዲህ አልኩ፤ «ወጣቱ ጋዜጠኛ ባደረበት የብቸኝነት ሕመም በተወለደ በሃያ ሁለት ዓመቱ ከዚህ ዓለም በሞት ተለይቷል። ቤተሰቡ ሩቅ በመሆኑ፣ የሚያለቅስለት ሰው ቢገኝ ዝግጅት ክፍሉ በቅድሚያ ያመሰግናል።» ለመታወቂያ የተነሳሁትን፣ ያን ዓይኔ የተጨፈነበትን ፎቶ ጨመርኩበት። እቴ ማስመሪያ አየችው። ከንፈሯ በግራ በኩል ትንሽ ተነቃነቀ፤ እኔ ሳቅ ብዬ መዘገብኩት።

ከዚያ ምን ሆነ? ከልጇ መዋያ ደወሉላትና «ልጅሽን አተኮሰው» ሲሏት ቦርሳዋን እንኳ ሳትዘጋ ሮጠች። ደንበኛዋም ወዲያው መጣች። እታለም፣ ማስታወቂያውን በእጄ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። በእቴ ማስመሪያ የወረቀት ትሪ ውስጥ አስቀመጥኩና፣ ለማንም ሳልናገር፣ ወደ ከሰዓት ትምህርቴ ሄድኩ። የማተሚያ ቤቱ ሰው መጣና ገጹን እንዳለ ወሰደው። ጋሽ ሰረዝ አላየውም ወይ ትያለሽ? አይቶታል እንጂ! አንብቦ ነጠላ ሰረዝ አስተካክሎበታል። በኋላ ስጠይቀው «እኔ የማርመው ፊደል ነው፤ ማን ሞተ ማን ዳነ የሌላ ክፍል ሥራ ነው» አለኝ።

ሐሙስ ጠዋት ጋዜጣውን ገልጬ ራሴን ሳይ መጀመሪያ ሳቅኩ። ቀጥሎ ደብዳቤውና ማኅተሙ ታዩኝ። ሦስተኛው ግን፣ አትቆጪኝና፣ ደስ አለኝ። ዛሬስ ሰው ያናግረኛል አልኩ። ትምህርት ቤት ገባሁ። ሐሙስ ሐሙስ ጋዜጣ አንብበን እንድንመጣ መምህራችን ስለሚያዙን ሁሉም እጁ ላይ ይዞታል። እኔም ሐዘንተኛ ፊት ይዤ የዘወትር ቦታዬ ተቀመጥኩ። አጠገቤ ያለው ልጅ የኳሱን ገጽ ጨረሰና ጋዜጣውን አጥፎ ተቀመጠበት። ተራዬ ደርሶ ስም ጠሪው ስሜን ጠራ፤ «አቤት» አልኩ፤ ምልክት አደረገና አለፈ። ሞቼ እንኳ ቀሪ አልተባልኩም።

ቤት ስመለስ አከራዬ ደረጃው ሥር ተቀምጣ ጋዜጣውን ጭኗ ላይ ዘርግታዋለች፤ ገጽ ስድስት። አንገቷን ደፍታ እንባዋ ይንጠባጠባል፤ አንዱ ጠብታ ፎቶዬ ላይ ወደቀ። እታለም፣ ሆዴ ባባ። ለካ ይህች ሴት፣ ሰባት ወር ሙሉ «መብራት አጥፋ» ከማለት በቀር ያላናገረችኝ፣ ውስጧ እንዲህ ነው! ጠጋ ስል ሽንኩርት እየላጠች ነው። ቀና ብላ አየችኝና «እግርህን ጥረግ» አለችኝ። ጠረግኩ። ወጥቼ አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጥኩና በሩን ማየት ጀመርኩ። አንድ ሰው ያንኳኳል ብዬ ነው። ጎረቤት ቢሆን፣ ተማሪ ቢሆን፣ ተሳስቶ የመጣ ቢሆን ግድ የለኝም። የግድግዳው ጥላ መስኮቴን እስኪሸፍነው ቆየሁ። ማንም አላንኳኳም። ማንቆርቆሪያውንም አልጣድኩትም፤ እንዲያፏጭብኝ አልፈለግኩም።

ዓርብ ጠዋት ጋዜጣ ቤት የገባሁት በጓሮ በር ነው፤ እንደ ሌባ። ነገሩን ያወቀ ያለ አይመስልም፤ ጋሽ ቁረጥ የታተመ ገጽ ስድስት አያነብም። ተርፌያለሁ ብዬ መስኮቴ ጋ ልቀመጥ ስል ከፊት በር በኩል የሴት ልቅሶ ሰማሁ። አጮልቄ ሳይ ያቺ የምስጋና ማስታወቂያ ደንበኛዬ ናት።

ስለሷ ትንሽ ልንገርሽ። ገበያ ውስጥ ክርና ቁልፍ ትሸጣለች። ከስድስት ሳምንት በፊት እናቷ አርፈው የሞት ማስታወቂያ ልታስወጣ መጣች፤ እጅጌዋ ላይ ቁራጭ ክር ተጣብቆ ነበር፣ ልክ እንዳንቺ። እሱን አይቼ ነው መሰለኝ፣ ቅጹን ሞልቼ መሸኘት ሲገባኝ «እናትሽ ምን ዓይነት ሰው ነበሩ?» አልኳት። አንድ ሰዓት አወራችኝ። የማያውቁትን ሰው መንገድ ላይ አስቁመው የላላ ቁልፉን በመርፌ የሚያጠብቁ ሴት ነበሩ አሉ። እሱን ጽፌ ከማስታወቂያው ውስጥ አስገባሁት፤ ጋሽ ቁረጥም እንዴት እንደሆነ እንጃ አልቆረጠውም። አሁን ደግሞ በሐዘኗ አጠገቧ የነበሩትን ልታመሰግን ፈልጋ ኖሮ፣ ሐሙስ ዕለት ገጽ ስድስትን ስትገልጥ በምስጋናዋ ቦታ ላይ የጠበቃት የእኔ የተጨፈነ ዓይን ነው።

ስለ ማስታወቂያዋ አንድ ቃል አላነሳችም። ጋሽ ቁረጥን ክንዱን ይዛ «ያ መስኮት ላይ የነበረው ልጅ ቤቱ የት ነው? የሚያለቅስለት ሰው የለም ብላችሁ ጻፋችሁ እኮ፤ ይኸው እኔ መጣሁ» ትለዋለች። ጋሽ ቁረጥ ግራ ገብቶት ጋሽ ሰረዝን አየ። ጋሽ ሰረዝ እቴ ማስመሪያን አየ። እቴ ማስመሪያ መሬት አየች። ቤቴ የት እንደሆነ የሚያውቅ አንድ ሰው ጠፋ። ሴትየዋ ድምጿን ከፍ አድርጋ «ሁለት ወር አብሯችሁ ውሎ ማደሪያውን አታውቁም?» አለች። እታለም፣ እዚያ በር ጀርባ ቆሜ፣ መሬት ተሰንጥቃ ብትውጠኝ ደስታዬ ነበር። ቀልዴ ለመጀመሪያ ጊዜ ሰው አገኘ፤ ያገኘውም እሷን ነው።

ወጣሁ። ምን ልበል? «ደኅና ነኝ እትዬ» አልኩ። አየችኝ፤ ከእግር እስከ ራስ። ከዚያ ያን ጋዜጣ ጠቅልላ ራስ ራሴን ትለኝ ጀመር። «አንተ ዓይን አውጣ! አንተ ጉድ! ሌሊቱን ሙሉ አልቅሼብህ! ለእናቴ ያልወጣኝን እንባ ላንተ አፍስሼ!» ስትለኝ ተቀበልኩ። እውነቱን ለመናገር፣ ከመጣሁ ወዲህ የሰው እጅ ሲነካኝ ይህ የመጀመሪያው ነው። ደክሟት ስትቆም ጋሽ ቁረጥ መነጽሩን አውርዶ እኔን «ቁረጥ» ሊለኝ አፉን ከፈተ። መልሶ ግን ወደሷ ዞረና «የተበደልሽው አንቺ ነሽ፤ ምን ይሁን?» አላት። እሷም በመዳፏ ፊቷን ጠርጋ «ይባረር» አለች። ወሽመጤ ተቆረጠ። ትንፋሿን ሰብስባ ቀጠለች፤ «ከመባረሩ በፊት ግን የእኔን ምስጋና እሱ ይጻፈው። እናቴን ከናንተ የሚያውቃት እሱ ብቻ ነው።»

እንግዲህ ሳምንቱን ሙሉ የተባረረ ሰው ሆኜ ሠራሁ። መጀመሪያ ማስተካከያ ጻፍ ተባልኩ። አንድ ገጽ ሙሉ ጻፍኩ፤ ትንሣኤዬን በሰፊው የሚተርክ፣ ሦስት ቀልድ ያለበት። ጋሽ ቁረጥ ቀደደው። ግማሽ ገጽ አደረግኩት፤ ቀደደው። ዘጠኝ ጊዜ። በዘጠነኛው «ልጄ፣ አንተ ሳትሆን እሷ እንድታነበው ጻፍ» አለኝ። በመጨረሻ የቀረው ይህ ነው፤ «ማስተካከያ፤ ባለፈው ሳምንት በዚህ ገጽ ሞቷል ተብሎ የተጻፈው ሠልጣኝ በሕይወት አለ። ጽሑፉን የጻፈው ራሱ ነው። በእሱ ምክንያት ምስጋናቸው ላልወጣላቸው ደንበኛችን ይቅርታ እንጠይቃለን።» ጋሽ ሰረዝ አንብቦ «የማርመው አጣሁ» አለ። እንዲህ ዓይነት ነገር ከእሱ አፍ ሰምቼ አላውቅም።

የሴትየዋን ምስጋና ደግሞ ገበያ ሄጄ፣ ቁልፍ ሳጥኖቿ መሀል በርጩማ ላይ ተቀምጬ ነው የጻፍኩት። አንድም ቃል ከራሴ አልጨመርኩም። ውሃ ያቀበሉትን፣ በሽተኛዋን ደረጃ ያወጡትን ሁሉ በየስማቸው አስጽፋኝ ስታበቃ «ምንም ሳትሉ አጠገቤ ለተቀመጣችሁ ከሁሉም በላይ» አለችኝ። እሱንም እንዳለችው ጻፍኩት።

ከትናንት በስቲያ ሐሙስ ሁለቱም ወጡ። ትናንት ዓርብ ዕቃዬን ልሰበስብ ሄድኩ፤ ዕቃዬ ማለት አንድ እስክሪብቶ ነው። መስኮቱ ፊት ለፊት ሦስት የገበያ ሴቶች ተሰልፈዋል፤ ክርና ቁልፍ ሻጯ ናት ያመጣቻቸው። አንዷ እኅቷ ሞታባት ነው፤ «የሚጠይቀው ልጅ የታለ?» ትላለች። ጋሽ ቁረጥ መስኮቱን አየ፣ እኔን አየ፣ እስክሪብቶዬን አየ። «ምን ቆመሃል? ተቀመጥ» አለኝ። ስለ መባረሬ ድጋሚ ያነሳ ሰው የለም። አምስት ሳምንት ይቀረኛል፤ ማኅተሙም ያኔ ይመታል። እቴ ማስመሪያ ደግሞ ስወጣ ጠርታኝ ቤቴ የት እንደሆነ ጠየቀችኝና ማስታወሻዋ ላይ ጻፈችው። በማስመሪያ አሰመረችበት።

አሁን ለአንቺ ልናዘዝ። ጉዳዩ ይህን ያህል የሚያስጽፍ አልነበረም። የሞትኩባት ቦታ ከክብሪት ቀፎ አትበልጥም፣ ማስተካከያው ደግሞ ከእሷም ያንሳል። ጋዜጣው እናንተ ጋ አይደርስም፤ ዝም ብል በሕይወትሽ አትሰሚውም ነበር። ሞቱም ምኑም ተራ ነገር ነው። ብቻ እዚህ ብነግራቸው የሚስቁልኝ እንጂ የሚቆጣኝ የለም። ክርና ቁልፍ ሻጯም አንዴ ተቆጥታ ጨረሰች። ስለዚህ በመልስሽ ደኅና አድርገሽ ተቆጪኝ፤ ሁለት ገጽ ቢሞላ አልጠላም።

እማዬን ዓይኗን ሳሚልኝ፤ ሁለቱንም፣ በተለይ የሚያማትን። አባባን ጉልበታቸውን ሳሚልኝና ልጅዎ ሥራ ላይ ነው በያቸው፤ ምን ሥራ ካሉ መስኮት ላይ በይ፤ የቀሩትን አምስት ጥያቄዎች ራሳቸው ይጨርሷቸው። አማቻችንን ሰላም በይልኝ፤ መልስ ካልሰጠሽ ደርሶታል ማለት ነው። ጩጬውን ጉንጩን ቆንጥጪልኝ፤ አጎትህ ነው በይው። አያቴን ግን አንቺው ጆሮዋ ላይ ጮክ ብለሽ «ልጅሽ ይወድሻል» በያት፤ ከኔ መስማት ያለባት ሌላ ወሬ የለም። አንቺን ደግሞ፣ እታለም፣ ያ እጅጌሽ ላይ የሚጣበቀውን ክር እንኳ ሳይቀር ሰላም ብዬዋለሁ።

የማይሞተው ወንድምሽ

ሦስተኛ ፎቅ፣ ግድግዳ ከምታየው ክፍሌ
ቅዳሜ፣ የካቲት 15 ቀን፣ ከምሳ በኋላ